«ክሩን ትዳስሺዋለሽ?»

ሦስተኛ ልጄን በወለድኩ በስምንተኛው ሳምንት ሉፕ፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን የእርግዝና መከላከያ፣ አስገባሁ። ባለ መዳቡን፣ 10 ዓመት ያገለግላል የሚባለውን። ሲገባ ስል ነገር ወጋኝ። «ይተውሻል» ተባልኩ። የመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ቁርጠትና ብዙ ደም ሊኖር እንደሚችል ቀድሞ ስለተነገረኝ፣ ይሄ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ሰባት ወር ዝም አልኩ።

እውነቱን ልናገር፤ የጸሎት እህቶቼን «ሆዴን ያመኛል» ብቻ ነው ያልኳቸው። ሉፕ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። ይፈርዱብኛል ብዬ ፈራሁ። ጌታን ግን «ሕመሙን ብቻ ውሰድልኝ» እያልኩ ለመንኩት። አልወሰደውም። አንድ ሌሊት ቢጨንቀኝ «እሺ፣ ምን እንደሆነ አሳየኝ» አልኩ።

ጠዋት ልጄን ለዘጠኝ ወር ክትባት ወሰድኩ። ሲስተሯ ካርዱ ላይ እየጻፈች ምን መከላከያ እንደምጠቀም ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«ክሩን ትዳስሺዋለሽ?»

አፍሬ ሳቅሁ። ለካ ሉፕ ከማህፀን በር ትንሽ ወጣ የሚል ክር አለው፤ ቦታው ላይ መኖሩ ክሩን በጣት በመዳሰስ ይታወቃል። ቤት ገብቼ ፈለግሁት። የለም።

አልትራሳውንድ ላይ ማህፀኔ ባዶ ነው። እርግዝናም የለም። «ወድቆ ይሆናል» አልኩ፤ ሳይታወቅ የሚወድቅበት ጊዜ አለና። ሐኪሙ ግን ራጅ ሳይታይ ወደቀ አይባልም አለ። ራጁ ላይ ሉፑ፣ የቲ (T) ፊደል ቅርጽ ያለው፣ ነጭ ሆኖ ሆዴ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ማህፀኔን በስቶ ወጥቷል። ከ1000 ሴቶች አንድ ወይም ሁለት ላይ ቢደርስ ነው። ጡት የምታጠባና ከወለደች ብዙ ያልቆየች ላይ ግን ዕድሉ ይጨምራል። እኔ ሁለቱንም ነበርኩ።

ያን ማታ ለእህቶቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማንም አልፈረደብኝም። እንዲያውም ሁለቱ «እኛም አለን» ብለው ስለ ክሩ ይጠይቁኝ ጀመር! ከዚያ አንጀቴን እንዳይነካ አብረን ጸለይን።

በትንንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ ነው ያወጡት። የሆድ ሞራዬ ላይ ተጣብቆ ተገኘ። አንጀቴን አልነካም። በማግስቱ ቤቴ ገባሁ። ስሙ ይባረክ!

ሉፕ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ታናሽ እህቴ ስምንት ዓመት ይዛው አንድ ቀን አላማረረችም።

ሲስተሯን ላመሰግናት ሄድኩ። አላስታወሰችኝም።

«እኔ እኮ ሁሉንም ሴት ነው የምጠይቀው» አለችኝ።