«ሜ» የሠራችኝ ሥራ

ሆንግ ኮንግ ለትምህርት በሄድኩ በሦስተኛው ወር፣ የከተማውን ቋንቋ ካንቶንኛን የቻልኩ መስሎኝ ነበር። መስሎኝ!

አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ሐሜት ሲይዙ አንዱ ያወራል፣ ሌላው ዓይኑን አፍጥጦ «ሃይ ሜ?» ይላል። «ሃይ» አዎ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። «ሜ»ን ግን ማንም ሳያስረዳኝ በራሴ ሥልጣን የአነጋገር ማሳመሪያ አደረግኳትና እንደ ሚጥሚጣ ሁሉም ነገር ላይ እነሰንሳት ጀመር።

ሻም ሹይ ፖ ሰፈር የማዘወትራት ጠባብ ምግብ ቤት አለች። አስተናጋጇ 60 ያለፋቸው ሴትዮ ናቸው፤ የገባውን ወንድ ሁሉ «ሌንግ ጻይ» ይሉታል፣ ቆንጆው እንደ ማለት። (ለሁሉም እንደሚሉት አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደስ ይላል።) የዚያን ዕለት በበሬ ሥጋ የተጠበሰ ሰፋፊ የሩዝ ኑድል አዘዝኩ። ይህ ምግብ እዚያ የሼፍ መፈተኛ ነው፤ ኑድሉ ከተቆራረጠ ወይም ሳህኑ ሥር ዘይት ካቆረ ሰውየው አልቻለበትም ይባላል። የኔው እንከን አልነበረውም። ሴትዮዋ ሲያልፉ «ሆው ም ሆው ሲክ አ?» አሉኝ፤ ይጣፍጣል ወይ? እኔም አፌ ሙሉ እንደሆነ በደስታ፦

«ሆው ሲክ ሜ!»

ለካ «ይሄ ደግሞ ይጣፍጣል እንዴ?!» ማለቴ ነው።

ፈገግታቸው ጠፋ። ወደ ጓዳ ዞረው የሆነ ነገር ተናገሩ፤ የመጥበሻው ድምፅ ቀጥ አለ። ሽማግሌው ሼፍ ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ እንደጣሉ ብቅ አሉና «ም ሆው ሲክ አ?» አሉኝ፤ አይጣፍጥም? ያኔ ልጆቹ ሲስማሙ የሚሏት «ሃይ ሎ» ትዝ አለችኝ። ነገር ላብርድ ብዬ ራሴን እየነቀነቅኩ፦

«ሃይ ሎ!»

ትርጉሙ? «አዎና! ይሄም ይጠየቃል?»

በኋላ ጓደኛዬ ሳቁ ሲበርድለት አስረዳኝ። ካንቶንኛ 6 የቃል ዜማ አለው፤ ግርምትህን በድምፅህ ላሳይ ብለህ ከፍ ዝቅ ስታደርገው ቃሉ ሌላ ቃል ሊሆንብህ ይችላል። ስለዚህ አብዛኛውን ስሜት የምትሸከመው የዓረፍተ ነገሩ ጭራ ላይ ያለችው፣ እንደ «ሜ» ያለች ቅንጣት ናት። «ግዋ» ስትጨመር «መሰለኝ» ነው። «ዎ» ደግሞ፣ ከታች በሚነሳው ዜማ ስትባል፣ ቁርጥ የኛዋ «አሉ»፤ የሰማሁትን ነው፣ እኔ የለሁበትም። እኛስ «መጣ እኮ»፣ «መጣ እንዴ»፣ «መጣማ» እንል የለ? አንድ ፈረንጅ እናቴ ቤት ዶሮ ወጥ ቀርቦለት «ይጣፍጣል እንዴ!» ሲላት ታየኝና ላብ አጠመቀኝ።

በሳምንቱ እንደምንም ደፍሬ ሄድኩ። ሳህኑን ሼፉ ራሳቸው አምጥተው ፊቴ አስቀመጡና እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። አንዴ እንደጎረስኩ ጎንበስ ብለው፣ በራሴው ቅላጼ፦

«ሆው ሲክ ሜ?»

ሁለቱንም አውራ ጣቶቼን አነሳሁ። አፌን ግን አልከፈትኩም።