በዚያች ሰዓት አንደበቴን ፈታልኝ

ከልጅነቴ ጀምሮ እንተባተባለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እግዚአብሔር ያደረገልኝ ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ በመሆኑና ምስክርነቴን ከሌላ ሰው የሰሙ ብዙዎች መንተባተቤ ፈጽሞ እንደ ለቀቀኝ አድርገው ስለሚያወሩት ነው። አልለቀቀኝም። ጌታ ያደረገልኝን ሳልቀንስ፣ ያላደረገልኝንም ሳልጨምር መጻፍ እፈልጋለሁ፤ የእርሱ ሥራ የእኛን ማሳመሪያ አይሻምና።

መንተባተብን በራሱ ላይ ያላየ ሰው ነገሩ ሁሉ ከችኮላ የመጣ ይመስለዋል። «ተረጋጊ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ» ይሉኝ ነበር። ቃሉ ግን በአእምሮዬ ጥርት ብሎ እያለ ጉሮሮዬ ላይ ይያዛል፤ ሰዎች አፍ አፌን እያዩ ዝም ሲሉ ደግሞ ይብስበታል። ከቃላት ሁሉ የሚከብደኝ የራሴ ስም ነበር። ከእናቴ ጋር አቡነ ዘበሰማያት ስደግም ግን አንድም ጊዜ ተይዤ አላውቅም፤ ስዘምርም እንዲሁ ነበር። ይህ የእኔ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ከሚንተባተቡ ሰዎች አብዛኞቹ ሲዘምሩ ወይም ከሌላ ሰው ጋር እኩል ሲናገሩ ቃሉ ይፈታላቸዋል። መምህርት ስሆን ሒሳብን የመረጥሁት ከምላስ ይልቅ ጠመኔ የሚሠራበት ትምህርት ስለ ሆነ ጭምር ነው።

ያደግሁት በኦርቶዶክሳውያን ወላጆች ቤት ነው፤ እግዚአብሔርን መፍራት የተማርሁትም ከእነርሱ ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ከወንጌላውያን ወጣቶች ጋር መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ጀመርሁ፤ በዚያም ክርስቶስ ስለ እኔ እንደ ሞተ፣ እኔንም እንደሚያውቀኝ በሙሉ ልቤ አመንሁ። ዘመኑ ግን የደርግ ዘመን፣ እምነትን በአደባባይ ለመናገር የሚያስፈራ ዘመን ነበር። በ1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በአዲስ አበባ ታፍነው ተገድለዋል፤ በዚያው ዓመት ከመንበራቸው ተነሥተው ታስረው የነበሩት ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገድለዋል። በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘግታ ንብረቷ ሲወረስ መሪዎቿ ታሰሩ። ተመድቤ ወላይታ ስደርስም በዙሪያዬ ያሉት የቃለ ሕይወት አጥቢያዎች አብዛኞቹ በራቸው ተዘግቶ ምእመናኑ ተበትነው አገኘኋቸው።

የተበተኑት ግን በየቤቱ ይገናኙ ነበር። በአንድ ቤት ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ብቻ ይሰበሰባል፤ አንዱ ከገባ ብዙ ቆይቶ ሌላው ይገባል፤ ሲወጣም እንዲሁ ተራ በተራ ነው። ጎረቤት እንዳይጠረጥር ቡና ይፈላል፤ መዝሙሩ ያለ ጭብጨባ፣ በለሆሳስ ይዘመራል። እኔም በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ከሌሎቹ ጋር እኩል እዘምር ነበር። ምስክርነት ለመስጠት ተራዬ ሲደርስ ግን ቃሉ እየተቆራረጠ ስለሚያስቸግረኝ አንድ ጥቅስ ጠቅሼ አበቃለሁ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ያም ሆኖ ስለ ጌታዬ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳልሰናከል መናገር ምን ያህል እናፍቅ እንደ ነበር እርሱ ያውቃል።

በ1976 ዓ.ም. የሠራተኛው ፓርቲ ሊመሠረት ሽር ጉዱ በበዛበት ወቅት፣ በምሠራበት ትምህርት ቤት በየሳምንቱ የሚደረገው የውይይት ክበብ ጠበቅ አለ። እያንዳንዱ መምህር በተራው እየተነሣ ግለ ታሪኩን ይናገራል፤ በመጨረሻም የግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ በማንሣት «ከሁሉም በላይ አብዮቱ!» ብሎ መፈክር ያሰማል። ለብዙዎቻችን አማኞች ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ሀገርን መውደድም ሆነ ለመንግሥት ሥራ መታዘዝ ከእምነታችን ጋር አይጋጭም፤ «ከሁሉም በላይ» የሚለው ቃል ግን ለእግዚአብሔር ብቻ የሚገባ ነው ብለን እናምን ነበር። በዚህ ምክንያት ከሥራ የተባረሩ፣ የተገረፉና የታሰሩ ወንድሞችና እኅቶች እንዳሉ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ተራዬ በቀጣዩ ሳምንት መሆኑን ስሰማ በየቤቱ አብረን የምንሰበሰብ ጓደኞቼ አብረውኝ ጾሙ፣ ጸለዩም። እውነቱን ለመናገር አንዳንዶቹ ስብሰባው እንዲሰረዝ ወይም ታምሜ እንድቀር ለመኑልኝ፤ ከፍቅር የመነጨ ልመና ስለ ነበር አልነቅፈውም። የእኔ ጸሎት ግን አንድ ነበር። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን በገዢዎች ፊት ስትቀርቡ ምን እንደምትናገሩ አትጨነቁ፣ መንፈስ ቅዱስ በዚያች ሰዓት ያስተምራችኋል እንዳላቸው አንብቤ ነበርና፣ «ጌታ ሆይ፣ የሚደርስብኝን አንተ ታውቃለህ፤ በዚያች ሰዓት ብቻ አንደበቴን ፍታልኝ፤ ፈርታ ዝም አለች እንዳይሉ፣ አንተንም ሳልጠራህ እንዳልቀመጥ አድርገኝ» እያልሁ ለመንሁት። ለአንድ ሰዓት ነበር የለመንሁት፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ በመምህራን ተሞልቶ ነበር፤ ከአውራጃው የመጣ ካድሬ ከርእሰ መምህሩ አጠገብ ተቀምጦ ይጽፋል። ስሜ ሲጠራ ተነሣሁ፤ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ፍርሃቱ አልጠፋም። አፌን ስከፍት ግን ቃሉ ወጣ። የተናገርሁት ይህን ነው፦ «ጓድ ሰብሳቢ፣ እኔ በኢየሱስ ክርስቶስ የማምን ክርስቲያን ነኝ። ሀገሬን እወዳለሁ፤ ልጆቿን በታማኝነት አስተምራለሁ፤ የታዘዝሁትን ሥራ ሁሉ ሠርቻለሁ፤ ወደፊትም እሠራለሁ። ከሁሉም በላይ የምለው ግን እግዚአብሔርን ብቻ ነው፤ ይህን ቃል ለሌላ ልሰጠው አልችልም።» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ቃል አልተያዘብኝም። ካድሬው ወደዚህ እምነት ማን እንዳስገባኝ፣ የት እንደምንሰበሰብ ጠየቀኝ። ስለ ራሴ እምነት የጠየቀኝን ሁሉ መለስሁለት፤ የሌሎችን ስም ግን እንደማልናገር በግልጽ ነገርሁት። ይህንንም ሳልንተባተብ ነበር የተናገርሁት። ባልደረቦቼ ከተናገርሁት ነገር ይልቅ በአነጋገሬ ተደነቁ፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጨው አቀብሉኝ ማለት የምትቸገረዋን ሴት ያውቋታልና።

በዚያው ምሽት ፖሊስ ጣቢያ ተወሰድሁ። መዝጋቢው ስሜን ሲጠይቀኝ እንደ ድሮዬ ያዘኝ፤ ደጋግሜ ብሞክርም ሊወጣልኝ ስላልቻለ ወረቀት ተቀብዬ ጻፍሁለት። ይህን የምስክርነቴን ክፍል ብዙ ሰዎች መተው ይፈልጋሉ። እኔ ግን የጸሎቴ መልስ ምን ያህል የተለየ እንደ ነበር ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየኝ ይህ ነው። ሐኪም ያልሆነ ሰው እንኳ «በድንጋጤ ብዛት ምላስሽ ተፈቶ ይሆናል» ሊለኝ ይችላል፤ ብለውኛልም። በሕይወቴ ሁሉ ድንጋጤና የሰው ዓይን ምላሴን ሲያስሩት እንጂ ሲፈቱት አላየሁም፤ ከዚያ ቀን በፊትም ሆነ በኋላ በዚያ ዓይነት ጉባኤ ፊት እንዲያ ተናግሬ አላውቅም። የለመንሁት ሰዓት ተሰጠኝ፤ ሰዓቱ ሲያልፍም አለፈ። የማምነውም፣ የምመሰክረውም ይህን ነው።

በእስር ቤት ስላሳለፍሁት ጊዜ ብዙ አልጽፍም፤ ከእኔ እጅግ የከፋ የደረሰባቸው ብዙዎች ናቸውና። አንድ ሰው ግን ሳላነሣ አላልፍም። በትምህርት ቤቱ አማርኛ የሚያስተምሩ፣ ጋሼ የምንላቸው ኦርቶዶክሳዊ አረጋዊ መምህር ነበሩ። ዘመድ በአካባቢው እንደሌለኝ ስለሚያውቁ ረቡዕና ዓርብ በሽሮ፣ በሌላው ቀን ባገኙት ወጥ ስንቅ ያመጡልኝ ነበር፤ ጠባቂው እንጀራውን ገልጦ፣ ወጡንም በማንኪያ አማስሎ ከፈተሸ በኋላ ይሰጠኛል። አንድ ቀን ቆመን እንድንነጋገር ሲፈቀድልን፣ «ልጄ፣ በዚያ ስብሰባ ላይ ማዕተቤን ከሸሚዜ ውስጥ አስገብቼ ነበር የተቀመጥሁት፤ አንቺ ስትናገሪ አወጣሁት» አሉኝ። አንገታቸውን አየሁት፤ ጥቁሩ ክር ከኮሌታቸው በላይ ይታይ ነበር። እኔ ለእርሳቸው ብዬ አልጸለይሁም፤ እግዚአብሔር ግን ካሰብሁት በላይ ሰጠኝ። የእርሳቸው ስንቅ ሥጋዬን እንደ መገበ፣ ያ ቃላቸው ደግሞ መንፈሴን እስክፈታ ድረስ መግቦታል።

ክረምቱ ሲገባ ያለ ፍርድ እንደታሰርሁ ያለ ፍርድ ተፈታሁና ወደ ሩቅ የገጠር ትምህርት ቤት ተዛወርሁ። እኔ ስፈታ የቄስ ጉዲና ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ገና በእስር ላይ ነበሩ፤ እርሳቸው ያለ ፍርድ የታሰሩት ወደ ዐሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ነው። ስለዚህ «እግዚአብሔር ፈታኝ» ስል የእኔ እምነት ከእርሳቸው በልጦ ነው ማለቴ አይደለም። እኔን በአጭር ጊዜ አወጣኝ፤ እርሳቸውን ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ እምነታቸውን ጠበቀላቸው። ለምን እንዲህ እንደ ሆነ አልገባኝም፤ ገብቶኝ እንደ ነበረም አድርጌ መናገር አልፈልግም።

ከግንቦት 1983 ዓ.ም. በኋላ አብያተ ክርስቲያናት ሲከፈቱ ይህንን ታሪክ በጉባኤ እንድናገር ተጠየቅሁ። አንድ ወንድም መድረኩን ሲሰጠኝ «ፈጽማ የተፈወሰች» ብሎ አስተዋወቀኝ። ማይክሮፎኑን ይዤ የመጀመሪያው ቃል ላይ ተያዝሁ፤ ጉባኤው ግራ ተጋባ። እስኪወጣልኝ ታግሼ እዚህ የጻፍሁትን ሁሉ እንዳለ ነገርኋቸው፤ ረጅም ጊዜ ፈጀ፤ ተነሥቶ የወጣ ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ የሚንተባተቡ፣ መስማት የተሳናቸው፣ ለዓመታት ጸልየው ያልተፈወሱ ሰዎች እየመጡ ያነጋግሩኝ ጀመር፤ ተፈውሼ ብሆን ኖሮ አይመጡም ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የሴት ልጄ ልጅ እንደ እኔ ይንተባተባል፤ በክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ማለት ይከብደዋል። ፈጽሞ እንዲፈውሰው ጌታን እለምናለሁ፤ ይህን መለመንን አላቆምሁም። እስኪፈውሰው ድረስ ግን ልጁ ስለ አምላኩ ሊናገር በሚወድበት ሰዓት ሁሉ አንደበቱን እንዲፈታለት እጸልያለሁ። ይህን የምታነብቡ ወገኖቼም በጸሎታችሁ እንድታስቡት እጠይቃችኋለሁ። ክብር ሁሉ ለእግዚአብሔር ይሁን፤ አሜን።