መትረየስ የጫነው ግመል

ጽሑፉ ማታ በቴሌግራም መጣልኝ። ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ጠዋት በአማርኛ ይቀረጻል። ቪዲዮውም አብሮ ተልኳል። ግን ከባድ ስለሆነ ኔትወርኩ አልቻለውም። ጽሑፉ ካለ ቪዲዮው ምን ይሠራልኛል ብዬ ተውኩት። ሌሊቱን እንቅልፍ እያዳፋኝ ከእንግሊዝኛ ተርጉሜ ጨረስኩ።

ጠዋት ስቱዲዮ ገባን። አንባቢያችን በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ጀመሩ።

«በ1917 ዓ.ም. እንግሊዞች ሁለት መትረየስ የተጠመደበት ግመል ወደ ፈረንሳይ ግንባር ላኩ። ግመሉ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ አፍንጫው ይደፋል፤ ወደ ግራ ሲታጠፍ ቀና ይላል። ሲሄድም የጉሎ ዘይት ይረጫል...»

ቆም አሉ። በመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ግመል ምን ነክቶት ነው?»

ቀራጩ በሳቅ ማዳመጫውን አወለቀ። እኔ ግን ተከራከርኩ። እንግሊዞች በዚያው ጦርነት ግብፅና ፍልስጤም ውስጥ በእውነተኛ ግመል ተዋግተዋል እኮ! ቪዲዮው ሲከፈት አፌ ተያዘ። ባለ ድርብ ክንፍ ተዋጊ አውሮፕላን፣ ሶፕዊዝ ካሜል። ከአብራሪው ፊት መትረየሶቹን የሸፈነው ቆርቆሮ ጉብ ብሎ ሻኛ ይመስላል፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ጥይቱ በሚሽከረከረው ፕሮፔለር መሐል ያልፋል፣ ፕሮፔለሩን ግን አይመታም። ሞተሩ ደግሞ ጉድ ነው፤ ራሱ ከፕሮፔለሩ ጋር አብሮ ይሽከረከራል። አፍንጫውን የሚደፋውና የሚያነሳው እሱ ነው። የሚረጨውም ዘይት የሞተሩ ማለስለሻ ነው። ወደ 1,300 የሚጠጋ የጠላት አውሮፕላን እንደጣለ ይነገርለታል። ስንት ጀማሪ አብራሪም በልቷል። እኔንም ሊበላኝ ነበር።

ዓመተ ምሕረቱም ተበላሽቷል። 1917 የፈረንጆቹ ነው፤ በእኛ 1909። እኔ እንደጻፍኩት ከሆነ ግመሉ ግንባር የደረሰው ጦርነቱ ካለቀ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

ጥግ ይዤ ግመሉን ሁሉ በካሜል ተካሁ። አንድም አላስቀረሁም። ወረቀቱን በኩራት መለስኩላቸው። ጋሼ ገለጥ ገለጥ አደረጉና ገጽ ስድስት ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይሄ አብራሪዎቹ መጀመሪያ የለመዱት ቡችላስ?»

እሱም አውሮፕላን ነበር። ሶፕዊዝ ፐፕ።