ከጅቡቲ ባሕር እስከ ደሴ ዳገት፦ የአክስቴ ጄኔሬተር

ከጅቡቲ ወደ ደሴ ለሚመጣ ሰው መንገዱ ዳገት ነው። ጋላፊን አልፈው ሚሌ ሲደርሱ ከፍታው ገና 500 ሜትር ገደማ ነው። ባቲ ላይ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ኮምቦልቻ 1,850፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። የተሳፈርኩበት ከባድ መኪና ጭነቱን ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ስለሚያራግፍ እዚያው ወርጄ በሚኒባስ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ተያያዝኩት። ሐረጎ ላይ የሞተር ድምፅ የሚያውቅ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው አሮጌ መኪና እያንዳንዱ ጠመዝማዛ ላይ ጥቁር ጭስ እያንቦለቦለ ሲያቃስት ይሰማል። ናፍታው እንደ ወትሮው ይገባል፤ የሚያቃጥለው አየር ግን ሳስቷል።

ሥራዬ ጀልባ ላይ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ለቆሙ መርከቦች ስንቅና ሠራተኛ የምታመላልስ ጀልባ ሞተርና ጄኔሬተር ኃላፊ ነኝ። ደሴ የሄድኩት አክስቴን ለመጠየቅ ነበር። እሳቸው ሸዋ በር አካባቢ ዳቦ ቤት አላቸው። ቦርሳዬን ሳላወርድ፣ «እሰይ ልጄ፣ እንኳን አላህ አመጣህ! ይኼ ማሽን ሊጨርሰኝ ነው» አሉኝ። መብራት በሄደ ቁጥር ሊጥ ይበላሻል፤ ሊጥ ደግሞ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም።

«አብሽሩ፣ አክስቴ፤ እናየዋለን» አልኳቸው።

ጄኔሬተሩ ባለ 30 ኬቪኤ፣ አራት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ነው። ያገለገለ ሆኖ ከኮምቦልቻ ተገዝቶ የመጣ ነው፤ እዚያ ያለ አንዳች ችግር ይሠራ ነበር አሉ። ደሴ ከመጣ ወዲህ ግን ይነሣል፣ ጥቂት ይሠራል፣ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ይጠፋል። አንዳንድ ቀን ሳይጠፋ ይውልና ምድጃውና ሊጥ ማቡኪያው አንድ ላይ ሲበሩ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ አምፖሎቹም ይደበዝዛሉ። የሰፈሩ መካኒክ፣ እጁ የተባረከ ወጣት፣ ናፍታውን በግፊት ወደ ሲሊንደሮቹ የሚልከውን ዋናውን ፖምፓ ፈትቶ አዲስ አበባ ለመላክ ተዘጋጅቶ ነበር። ፖምፓ ከተፈታ ያለ መለኪያ ማሽን በትክክል አይስተካከልም፤ ወጪውም ቀላል አይደለም። ስለዚህ፣ «ወንድሜ፣ እሱን መጨረሻ ላይ እናድርገው» አልኩት። ቅር አላለውም። ነጩንና ጥቁሩን ጭስ ለያይተን ማየት እንዳለብን ወዲያው ተስማማን፤ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍታ ነው፣ ጥቁር ጭስ አየር ያነሰው ናፍታ ነው። ቤተሰቡ አንድ ብልሽት የሚለው ነገር ሁለት ነበር።

ጀልባ ላይ ጄኔሬተር ሲነሣ መጀመሪያ የማየው ከጭስ ማውጫው ጋር የባሕር ውሃ መውጣቱን ነው። ውሃው ካልወጣ ባሕሩን የሚስበው ፖምፓ የላስቲክ ክንፎች በደረቁ ሲሽከረከሩ ወዲያው ይቆራረጣሉ፤ ቁርጥራጮቹም ማቀዝቀዣው ውስጥ ገብተው ይወሸቃሉ። ደሴ ላይ ባሕር የለም፤ ራዲያተር ነው ያለው። እሱም የራሱ ጉዳይ አለው። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ግፊት የማይዝ የራዲያተር ክዳን ሞተሩን ከኮምቦልቻ ቀድሞ ያፈላዋል። የክዳኑን ጎማ አየሁት፤ ደህና ነው። አለፍን።

ናፍታው ላይ ግን ጀልባና ዳቦ ቤት አንድ ናቸው። ጀልባ ላይ ታንከሩ ብዙ ጊዜ ከሞተሩ በታች ነው፤ እዚህም ቦታ ስለጠበበ ታንከሩን መሬት ላይ አስቀምጠውታል። ናፍታ ስቦ ለዋናው ፖምፓ የሚያቀብል ትንሽ መጋቢ ፖምፓ አለ፤ ከታንከሩ እስከ እሱ ያለው መስመር ይስባል እንጂ አይገፋም። ስለዚህ ቀዳዳ ቢኖረው ናፍታ አይንጠባጠብም፤ አየር ይገባል። መካኒኩ ቱቦውን ሁሉ በጨርቅ ጠርጎ «አያፈስም» ማለቱ ትክክል ነበር፤ ጨርቁ ደረቅ ነበር። ከዚህ ብልሽት ጋር ስንት ሰው ሲታገል አይቻለሁ! የሚፈስ ነገር ሲፈልጉ ይውላሉ፣ በመጨረሻም ጤነኛ ፖምፓ ይፈታል።

ንጹሕ ጀሪካን ናፍታ ሞልተን ከሞተሩ ከፍ ባለ ቦታ ሰቀልነው፤ በሌላ ቱቦ በቀጥታ ከመጋቢው ፖምፓ ጋር አገናኘነውና አየሩን አስወጣን። ሞተሩ ተነሣ። ቡና እስኪፈላ ድረስ ሠራ፤ ድምፁ አልተዛነፈም፣ ነጭ ጭስም የለም። ዋናው ፖምፓም፣ ናፍታውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩት ኢንጄክተሮችም ነጻ ወጡ። ጥፋቱ እንግዲህ ከታንከሩ እስከ መጋቢው ፖምፓ ባለው መስመር ላይ ነው።

ቀጥሎ ግንበኞች ውሃ ልክ የሚያዩበትን ውስጡ የሚታይ ላስቲክ ቱቦ ከጎረቤት ተዋስን። ለዘለቄታው ናፍታ ላይ የሚደረግ አይደለም፤ ለምርመራ ግን ይበቃል። መጀመሪያ ከፊልትሮው በኋላ አስገባነው፤ ሞተሩ ሲነሣ ጥቃቅን አረፋዎች ተከታትለው ሲያልፉ በዓይናችን አየን። ከፊልትሮው በፊት ስናዞረው ቱቦው ጥርት አለ። አየሩ የሚገባው በራሱ በፊልትሮው ላይ ነው ማለት ነው። ሲፈታ የመግቢያው ብሎን ሥር ያሉት የመዳብ ሮንዴላዎች (መጋጠሚያውን የሚዘጉ ቀለበቶች) አሮጌዎቹ ነበሩ። ጄኔሬተሩ ሲጓጓዝ ተፈትተው እንደገና ታስረዋል፤ አንዴ ተጨፍልቆ የደደረ መዳብ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ በደንብ አይዘጋም። አንደኛው ፊቱ ላይ በጥፍር የሚዳሰስ ጭረት ነበረው።

ቀኑ እሑድ ስለነበር ሱቅ ዝግ ነው። አክስቴ ቡና ላይ ነበሩና ሮንዴላዎቹን በሽቦ አንጠልጥለን የቡናው ከሰል ውስጥ ከተትናቸው። መካኒኩ ከሰሉን ሲያራግበው መዳቡ ቀላ፤ አውጥተን ውሃ ውስጥ ጣልነው። በዚህ መንገድ መዳብ ተመልሶ ይለሰልሳል። ጭረት ያለበትን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ መስተዋት ላይ አሸነው። ስንገጥመው አረፋው ጠፋ።

«ከቡና ምድጃ መድኃኒት ወጣ!» አሉ አክስቴ፤ ሦስተኛውን ስኒ ቀዱልን።

አሁን ያልተፈታው ጥቁሩ ጭስ ነው። እዚህ ላይ ሄርዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ የሚያሳይ መለኪያ አስፈለገን። ይህ ጄኔሬተር በደቂቃ 1,500 ዙር ሲዞር 50 ሄርዝ ይሰጣል። ጭነት ሲመጣ ሄርዙ ሳይወርድ ቮልቱ ብቻ ከወረደ ችግሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ ሄርዙም አብሮ ከወረደ ሞተሩ ጉልበት አንሶታል። ምድጃው ብቻውን ሲበራ ሄርዙ ብዙም አልተንቀሳቀሰም። ማቡኪያው ሲጨመር ወደ 46 ወረደ፤ ጭሱም ጠቆረ። የአየር ፊልትሮውን አውጥተን ብንሞክርም ለውጥ የለም። የዱቄት ብናኝ ስለማይጠፋ ማየቱ ግድ ነበር።

ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታው ከጉልበቱ 1 ከመቶ ገደማ ያጣል። 30 ኬቪኤ ማለት 24 ኪሎዋት ነው፤ ደሴ ላይ 18 ኪሎዋት ቢገኝ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከዚህ የተሻለ ነበረው፤ ሐረጎን ሲወጣ የቀረውን አጣ። በዚያ ላይ የማቡኪያው ሞተር ሲነሣ ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ኤሌክትሪክ ይጎትታል። ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ የተጠየቀው ከአቅሙ በላይ ነው። ይህን ለአክስቴ ማስረዳት ከሮንዴላው ይልቅ ከበደኝ፤ የከፈሉት ለ30 ነውና። ሻጩ ደሴ እንደሚሄድ እያወቀ አለመናገሩ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ያደረግነው ቀላል ነው። የምድጃው ማሞቂያ በሦስት ደረጃ የሚበራ ስለሆነ፣ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ማቡኪያው ብቻ ይነሣል፤ ሊጡ ካለቀ በኋላ ምድጃው ደረጃ በደረጃ ይበራል። አክስቴ ቅደም ተከተሉን ማብሪያው አጠገብ በኖራ ጻፉት፤ ሠራተኞቹን ጠርተውም ፊታቸው አስደገሟቸው። መካኒኩ ለታንከሩ የብረት ማቆሚያ በይዶ ከሞተሩ ከፍ ሊያደርገው ተስማማ። ያኔ ቀዳዳ ቢፈጠር ናፍታው ወደ ውጭ ስለሚፈስ በዓይን ይታያል፤ ታንከሩ ሥር መዝጊያ ቧንቧ እንዲያደርግም አደራ አልኩት።

በማግስቱ ከመካኒኩ ጋር ኮምቦልቻ ወርደን አዲስ የመዳብ ሮንዴላ በየመጠኑ፣ ናፍታ የሚችል ቱቦና ሁለት ፊልትሮ ገዛን። እሱ ዕቃውን ይዞ ወደ ደሴ ተመለሰ፤ እኔ ወደ ባቲ የሚሄድ መኪና ያዝኩ።