የጥብስ ቅጠሌ በሶስተኛው ሙከራ እንዴት እንደጸደቀልኝ

እኛ ቤት ያለ የጥብስ ቅጠል ጥብስ አይታሰብም፣ ሮዝሜሪ በሉት ስጋ መጥበሻ በሉት ያው ነው። የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው፣ ጊቢያችን ጠባብ ቢሆንም ከጠዋት ጀምሮ ጸሀይ የምታገኝ አንድ ጥግ አለች እና ሁሌ ከጉልት ከምገዛ ለምን እዛች ጋ አልተክልም ብዬ የዛሬ አራት አመት ጀመርኩ።

የመጀመሪያውን ችግኝ ግንቦት ላይ መሬት ውስጥ ተከልኩት። አፈራችን ጥቁር ነው፣ ሲረጥብ ጫማ ላይ የሚለጠፍ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ፣ እኔ ደግሞ ጠዋት ማታ ውሃ። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ሳያቋርጥ ወረደበት፣ ቅጠሉ ከስር ጀምሮ ቢጫ ከዛ ቡናማ ሲሆን ጠምቶት ነው ብዬ ጨመርኩለት። ነቅዬ ሳየው ስሩ ጠቁሮ ሲነካ ይገፈፋል፣ ይሸታል። በቀጣዩ አመት እዛው ቦታ የተከልኩትም እንደዛው ሞተ፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

ሮዝሜሪ አገሩ ሜዲትራኒያን ባህር አካባቢ ነው፣ በጋው ደረቅ የሆነ ብዙ ቦታ ላይ ድንጋያማ መሬት። የኛን ክረምት ራሱ ይችለዋል፣ የማይችለው ውሃ የቋጠረ አፈር ውስጥ መቆምን ነው። ስሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ የበሰበሰ ስር ደግሞ ውሃ ስለማይስብ ላዩ የተጠማ ይመስላል፣ እኔን ያሳሳተኝ ይሄ ነው።

ሶስተኛውን ችግኝ አልገዛሁም። ጎረቤታችን እማማ ጊቢያቸው ውስጥ ትልቅ ቁጥቋጦ አላቸው፣ «ልጄ፣ ከደረቀው እንጨት አትቁረጪ፣ ከለምለሙ ጫፍ ነው» ብለው አስቆረጡኝ። ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር የሚሆኑ ስምንት ቁራጮች ወሰድኩ፣ የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፌ ግማሽ አሸዋ ግማሽ አፈር ውስጥ ሰካኋቸው፣ ጥላ ስር አድርጌ እርጥበቱ እንዳይጠፋ እየጠበቅኩ። ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆን ቀስ ብዬ ሳብ ሳደርጋቸው አምስቱ አልነቀል አሉ፣ ስር ይዘዋል ማለት ነው፣ ያን ቀን የነበረኝ ደስታ!

ከዛ ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲዎች ውስጥ አዛወርኳቸው። የባልዲዎቹን ቂጥ በጋለ ብረት ብዙ ቦታ በሳሁት፣ አፈሩን አንድ እጅ የጊቢው አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ከግንባታ የተረፈ ሬድ አሽ (ቀዩ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእሳተ ገሞራ ጠጠር) አድርጌ ቀላቀልኩ፣ ባልዲዎቹን ውሃ እንዳይተኛባቸው ብሎኬት ላይ አስቀመጥኳቸው። ለኔ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ሬድ አሹ ነው፣ ውሃ ስታፈሱበት ወዲያው በስር ይወጣል። ፍግ ትንሽ ብቻ፣ ሲበዛ ቅጠሉ ይለሰልሳል ሽታውም ይቀንሳል። ውሃ የማጠጣው ጣቴን አስገብቼ ደረቅ ሲሆን ነው፣ በበጋ በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ።

አቆራረጡ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አምና ለፋሲካ ወንድሜ አንዱን ቅርንጫፍ ቅጠል እስከሌለው እንጨት ድረስ ቆረጠው፣ እስከዛሬ አላቆጠቆጠም። ጫፍ ጫፉን ከቀጠፋችሁት ግን ጎን ጎኑን እያወጣ ይበዛል፣ እኔ በአንድ ጊዜ ከተክሉ ሲሶ በላይ አልነካም።

ሰኔ ሊገባ ነው፣ ዝናቡ እንዳይበዛባቸው ነገ ባልዲዎቹን ጸሀይ በሚደርስበት በኩል ወደ ጣሪያው ቆርቆሮ ጠርዝ ስር አስጠጋቸዋለሁ።