ካሜራዬን ለትሮምሶ ብርድ ሳሰናዳ

በመጪው የካቲት ወደ ሰሜን ኖርዌይ፣ ወደ ትሮምሶ ከተማ ለሁለተኛ ጊዜ እጓዛለሁ። ዓላማዬ እንደ መጀመሪያው ሁሉ የሰሜን ዋልታ ብርሃን የሚባለውን፣ በሌሊቱ ሰማይ ላይ እንደ አረንጓዴ ነጠላ የሚውለበለበውን ብርሃን ፎቶግራፍ ማንሳት ነው። የመጀመሪያው ጉዞዬ ግማሹ የከሸፈው እኔው በሠራሁት ስሕተት ስለነበር፣ ዘንድሮ ዕቃዬን ማሰናዳት የጀመርኩት ከሁለት ወር በፊት ነው።

ያን ጊዜ የሄድኩት ብርድን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። ባሌ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ ለማንሳት ጎሕ ሲቀድ ውርጭ ባነጣው ሣር ላይ በደረቴ የተኛሁ ሰው ነኝና ማን ያስፈራኛል አልኩ። ያላስተዋልኩት ግን ሳነቴ ላይ ካሜራዬ የሚያድረው ከእኔው ጋር በድንኳን ውስጥ፣ ከደጁ እምብዛም በማይለይ ቅዝቃዜ መሆኑን ነው። ከብርድ ወጥቶ በድንገት ሞቃት ቤት የሚገባበት አጋጣሚ አልነበረም።

ትሮምሶ በ69 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ብትገኝም ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞቅ ያለ የባሕር ጅረት ስለሚያለዝባት፣ የከተማዋ ብርድ የሚፈራውን ያህል አይደለም። ሆኖም የባሕሩ ዳርቻ ደመና ስለሚበዛበት፣ የጠራ ሰማይ ፈላጊ ሁሉ በመኪና ወደ ደረቁ የሺቦትን ሸለቆ፣ አንዳንዴም የፊንላንድን ድንበር ተሻግሮ ወደ ኪልፒስያርቪ ይዘልቃል፤ በዚያ ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መድረሱ ብርቅ አይደለም። በመጀመሪያው ሌሊት ሦስት ሰዓት ያህል ደጅ ከቆየሁ በኋላ፣ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች በላፕቶፕ ለማየት ቸኩዬ ካሜራውን ከአንገቴ ሳላወርድ ወደ ተከራየናት ጎጆ ገባሁ። ውስጡ ምድጃ ነዶ፣ እርጥብ ካልሲ ተሰጥቶ፣ ድስት ተጥዶ ነበር። ወዲያው ካሜራውም ሌንሱም በውኃ ጠብታ ተሸፈኑ፤ እኔም ላዩን በጨርቅ ጠረግ አድርጌ ተኛሁ። በማግሥቱ ማታ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ሲንቦገቦግ፣ በሌንሱ ውስጥ የቀረው እርጥበት ወደ ውርጭ ተለውጦ ስለነበር ያነሳሁት ሁሉ በጉም ውስጥ ያለ መሰለ።

ነገሩ ከፍሪጅ የወጣ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እንደሚያልበው ያለ ነው፤ ሞቃት አየር ብዙ እርጥበት ይሸከማል፣ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ደግሞ የተሸከመውን ያራግፋል። ካሜራ ከቤት ወደ ብርድ ሲወጣ እምብዛም አይጎዳም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ሲመለስ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ መጀመሪያ የገዛሁት ካሜራውን ከነሌንሱ የሚይዙ፣ አፋቸው ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ ወፋፍራም ላስቲኮችን ነው። ካሜራው ገና ደጅ ሳለ ላስቲኩ ውስጥ ይገባል፣ አየሩ ተጨምቆ ይወጣል፣ ከዚያ በቦርሳ ሆኖ ወደ ቤት ገብቶ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ ለሰዓታት ሳይከፈት ይቆያል፤ ጠሉም በካሜራው ፈንታ በላስቲኩ ላይ ያርፋል። ሚሞሪ ካርዱንና ባትሪውን አስቀድሞ ደጅ ማውጣት ግድ ነው፤ አለዚያ ፎቶውን ለማየት ያለው ጉጉት ላስቲኩን ያስከፍታል፣ እኔ ራሴን አውቃለሁ። ከጫማ ካርቶን ያጠራቀምኳቸውን ትናንሽ የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ግን ጣልኳቸው፤ ለወራት ክፍት የቆዩ ስለሆኑ መምጠጥ የሚችሉትን ያህል እርጥበት መጥጠው ጨርሰዋል። መኪናም ያው ቤት መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ማሞቂያው በሚሠራ መኪና ውስጥ በየፌርማታው ካሜራን ማስገባትና ማስወጣት ያንኑ ጣጣ ስለሚያመጣ፣ ዘንድሮ ካሜራው የሚጓዘው በዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ባትሪ ነው። የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ኬሚካላዊ ሂደት ስለሚዘገይ ያለቀ ይመስላል እንጂ ኃይሉ አልጠፋም፤ ሲሞቅ አብዛኛው ይመለሳል። ይህን በዓይኔ ለማየት ሙሉ በሙሉ የሞላ አንድ ባትሪ በላስቲክ ጠቅልዬ በቤታችን ፍሪዘር ውስጥ፣ ከሥጋው አጠገብ አሳደርኩት። ጠዋት ካሜራው ውስጥ ሳስገባው ጠቋሚው ግማሽ ገደማ አሳየኝ፤ በኪሴ ከቆየ በኋላ ደግሞ ወደ ሙሉ ተጠጋ። (ባለቤቴ ዶሮ ልታወጣ ስትከፍት ባትሪውን አግኝታው ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።) በዚህ መሠረት አራት ባትሪዎች እይዛለሁ፤ አንዱ ካሜራው ውስጥ፣ ሦስቱ ከውስጥ በኩል በለበስኩት ሹራብ ኪስ ውስጥ ሆነው እየተፈራረቁ ይሠራሉ። የቀዘቀዘን ባትሪ ሳይሞቅ ቻርጀር ላይ መሰካት ግን ባትሪውን ለዘለቄታው ስለሚጎዳ ክልክል ነው። ዋይፋዩን፣ ፎቶ በተነሳ ቁጥር በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስልና እያንዳንዱ ረጅም ፎቶ የሚወስደውን ጊዜ እጥፍ የሚያደርገውን የኖይዝ (በጨለማ ፎቶ ላይ የሚታዩ ነጠብጣቦች) ማጽጃ አስቀድሜ አጥፍቻለሁ።

ስለ በረራው ደግሞ፣ ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክ ከእጅ ሻንጣ ውጭ አይፈቀዱም፤ ገደቡም ያለ አየር መንገዱ ልዩ ፈቃድ በአንዱ 100 ዋት ሰዓት ነው። ስሌቱ ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ማባዛት ስለሆነ፣ 7.2 ቮልትና 2.28 አምፔር ሰዓት ያለው የእኔ ባትሪ 16.4 ብቻ ይሆናል፤ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክም በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ነው። ጫፎቻቸው ከብረት ጋር እንዳይነካኩ በፕላስተር ሸፍኛቸዋለሁ።

ትራይፖዴ፣ ማለትም ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ፣ አሉሚኒየም ስለሆነ በብርድ ጊዜ እጅን ያደነዝዛል። የካርቦን ፋይበሩ ዋጋ የሚቀመስ ስላልሆነ እግሮቹን በስፖንጅ ጠቅልዬ በፕላስተር አሰርኳቸው፤ መልኩ አያምርም፣ ግን ይሠራል። ጓንቱን ከሰልቫጅ ተራ አገኘሁ፤ ከሥር ቀጭን፣ ከላይ ጣት የሌለው ወፍራም። በእነዚህ ጓንቶች የካሜራውን ቁልፎች ሳላይ መንካት የተለማመድኩት መብራት በጠፋባቸው ምሽቶች ነው፤ በዚህ ረገድ የመለማመጃ ዕድል አላጣሁም።

ሌንሱን በሚመለከት፣ የሚከላከለውን ፊልተር ማውጣት የግድ ነው። የሰሜኑ ብርሃን አረንጓዴነት የሚመነጨው 557.7 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ካለው አንድ ጠባብ የኦክስጅን ብርሃን ስለሆነ፣ በፊልተሩ ሁለት ጠፍጣፋ ገጾች መካከል ሲንጸባረቅ በፎቶው መሐል ቀለበት የመሰሉ ክቦችን ይፈጥራል፤ ከመጀመሪያው ሌሊት የተረፉልኝ ፎቶዎች ላይ ያየኋቸውን ክቦች ለረጅም ጊዜ የሌንሱ ብልሽት አድርጌ ቆጥሬያቸው ነበር። ፎከሱንም ሌንሱ ላይ በተጻፈው ምልክት አላምንም፤ አንድ ደማቅ ኮከብ በስክሪኑ ላይ አጉልቼ አስተካክልና የሌንሱን የፎከስ ቀለበት በፕላስተር እይዘዋለሁ፤ ቅዝቃዜው እየጨመረ ሲሄድ ግን ደግሞ ማየት ያስፈልጋል። ቀን ላይ በረዶ ሲነሳ ካሜራው ነጩን ሁሉ ወደ ግራጫ ስለሚያወርደው ብርሃኑን ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ (አንዱ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል) መጨመር ይገባል፤ በበረዶው ፊት የሚቆመው እንደ እኔ ጠይም ሰው ከሆነ ደግሞ ይህ ካልተደረገ ፊቱ ጨርሶ አይታይም።

የቀረው ጋቢው ነው። እናቴ ባለፈው ጉዞ ያለ ጋቢ አትሄድም ብላ ስታስይዘኝ፣ ጥጥ እርጥበት ስለሚይዝ ለበረዶ አይሆንም ብዬ ተከራክሬያት ሻንጣው ውስጥ ሳይነካ ተመልሶ ነበር። ካሜራ ቀስ ብሎ እንዲሞቅ ቦርሳው በወፍራም ነገር ቢጠቀለል እንደሚበጅ የገባኝ አሁን፣ ይህን ሁሉ ሳሰላ ነው። ጋቢው ከትራይፖዱ ጎን ገብቷል፤ ለእናቴ ግን እለብሰዋለሁ ብያታለሁ።