አራት የሆኑት ኃላፊ

ለገሃር አካባቢ በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን የሠራተኞች ማስተዳደሪያ ሲስተሙን ለአመራሩ ባቀረብኩበት ዕለት፣ የፋይናንስ ኃላፊዋ በፕሮጀክተሩ ላይ አራት ሆነው ታዩ። አራቱም ያንኑ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ያንኑ ነጠላና ያንኑ ሰው የማያምን ዓይን ይዘው ተደርድረዋል፤ አምስተኛዋ ደግሞ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው በዚያው ዓይን ያዩኝ ነበር።

ነገሩ ሲስተሙ የተሠራበትን ጃንጎ የተባለ የዌብ ፍሬምወርክ ለሚያውቅ እንግዳ አይደለም። ተጠቃሚና ግሩፕ የሚተሳሰሩት በመካከላቸው ባለ አገናኝ ሠንጠረዥ በመሆኑ፣ ተጠቃሚዎች በበርካታ የግሩፕ ስሞች ፊልተር ሲደረጉ (ሲጣሩ) ዳታቤዙ ሠንጠረዦቹን ጆይን አድርጎ፣ ማለትም አጣምሮ፣ ለእያንዳንዱ የሚገጥም አባልነት አንድ ረድፍ ይመልሳል። ኃላፊዋ «ከፋይ»፣ «አጽዳቂ»፣ «መርማሪ» እና «ተመልካች» በተባሉት ግሩፖች ሁሉ ስላሉ አራት ረድፍ ደረሳቸው። ከፋዩም፣ አጽዳቂውም፣ መርማሪውም አንድ ሰው ይሁን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ በደብዳቤ ታዝዤ ነው ያስገባኋቸው።

ይህን ሁሉ በላብ ተጠምቄ ሳስረዳ የንብረት ክፍሉ ጋሼ እጃቸውን አውጥተው፣ «የእኔን አበል የሚፈርሙት ስንተኛዋ ናቸው?» ሲሉ ጠየቁ። አዳራሹ ገና ስቆ ሳይጨርስ ሌላው ደግሞ ሞክሼዎች ይሆኑ እንደሆነ ጠየቀ። ጃንጎ ለተጠቃሚ ስም ያዘጋጀው የመጀመሪያና የመጨረሻ የሚሉ ሁለት ሳጥኖችን ብቻ ስለሆነ፣ የአያት ስም ማስገቢያ እንዲጨመር ስወተውት «በጀት የለም» ያለኝ ይኸው ሰው ነበር።

ከታች ያለው የደመወዝ ድምርም ያንኑ ጆይን ተከትሎ የኃላፊዋን ደመወዝ አራት ጊዜ ደምሮታል። እሳቸው ይህን ሲያዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ይኼኛውን እንዳትነካው» አሉኝ።

የተደጋገመ ረድፍን የምታስቀረውን ዲስቲንክት የምትባለዋን ትእዛዝ ጨምሬ ገጹን ሳድሰው ሦስቱ ከነነጠላቸው ጠፉ፤ ድምሩም ወደ ልኩ ወረደ። ቃለ ጉባኤ የያዘው ባልደረባ ግን «ሲስተሙ በስብሰባው መካከል ሦስት የፋይናንስ ኃላፊዎችን ሰርዟል» ብሎ ጻፈ፣ ተሰብሳቢውም ሳያነብ ፈረመበት። አሁን የተሰረዙት ኃላፊዎች የት እንደደረሱ በጽሑፍ እንዳስረዳ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ግልባጩም ለፋይናንስ ኃላፊዋ ተልኳል።